የጅብ ሽንኩርት ብለን የናቅነው አበባ ማረሻ ሳይቀድመን ጓሯችን ይግባ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣዎ ስለ ከተሞች ማስዋብ የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የጎጃም ከተሞች መንገዶችና ግቢዎች በአበባ እንዲሸፈኑ መመኘታቸውን ከልብ እጋራለሁ። ሆኖም ለመንገድ ዳርና ለግቢ ይስማማሉ ብለው ከዘረዘሯቸው አበቦች መካከል የዚህ ምድር ተወላጅ የሆነ አንድ እንኳ አለመኖሩ አሳዝኖኛል፤ ይህንን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ጸሐፊውን ልወቅስ አይደለም። እኔም በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ሥነ ሕይወት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስለ አበባ ክፍሎች ሳስረዳ ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው ጽጌረዳን ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ብቅ የሚለውን፣ እንደ ፍም የቀላውን ክብ አበባ ግን ተማሪዎቼም እኔም «የጅብ ሽንኩርት» እያልን እናልፈው ነበር።

ልናገርለት የፈለግሁት ስለዚህ ዓይነቱ አበባ ነው፤ ማለትም እንደ ሽንኩርት ከምድር በታች ራስ አበጅቶ፣ በጋውን በዚያው ራስ ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍና ዝናብ ሲሸተው የሚነሣውን የአገራችንን የዱር አበባ። በዕፀዋት ትምህርት ረገድ ካየነው አንዳንዱ እንደ ቀይ ሽንኩርት በልጣጭ ላይ ልጣጭ የተደራረበ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ጎደሬ ድፍን ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደ ዝንጅብል ወደ ጎን እየተቀጣጠለ ይሄዳል። እኔ ግን ለአንባቢ እንዲቀል ሁሉንም «ራስ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ሽንኩርት ስንገዛ ሁላችንም የምንለው ቃል ነውና።

አደይ አበባ እየጠፋች ነው ብሎ የሚቆረቆር ሰው ብዙ ነው፤ መቆርቆሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን አደይ የአንድ ክረምት ተክል ናት። በመስከረም አብባ ዘሯን በትና ትደርቃለች፤ በሚቀጥለው ክረምት ከዚያው ዘር እንደገና ትበቅላለች። በማሳ ዳር ጥቂት ዘር ከቀረላት በጥቂት ዓመት ውስጥ ቦታዋን መልሳ ትይዛለች። ራስ የሚያበጁት አበቦች እንዲህ ዓይነት ዕድል የላቸውም፤ አብዛኞቹ ከዘር ተነሥተው እስኪያብቡ ሦስትና አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ከብት ቅጠላቸውን ቢግጥ፣ እሳት ቢያልፍባቸው፣ ዝናብ ቢዘገይባቸው ቡቃያቸው ከምድር በታች ተሸሽጎ ስለሚቆይ ይተርፋሉ፤ በግጦሽ መሬት ላይ ከከብት ጋር አብረው የኖሩትም ስለዚሁ ነው። የማያመልጡት ከማረሻ ነው። አንድ ጨፌ ውኃው ተጠንፍፎ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከታረሰ፣ ምናልባት አያቶቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ እዚያ የነበሩት ራሶች ተገልብጠው ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ሦስተኛው ክረምት ሲመጣ የሚነሣ ነገር አይኖርም።

ይህ በጎጃም በዓይናችን ፊት የሆነ ነገር ነው። የወል ግጦሽ የነበረው ሜዳ ለእርሻ ተከፋፈለ፤ ለእርሻ የማይመቸው ተረተር በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ በአዊ በኩል ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ለከሰል እየተከለ ኑሮውን አሻሻለ። እኔ የገበሬውን ውሳኔ አልነቅፍም፤ ልጅ የሚያስተምርበትና ጣራ የሚያለብስበት ነው። የምለው፣ ሜዳው መታረሱ ካልቀረ ከሜዳው ጋር አብሮ የሚሄደውን አበባ በእጃችን ባለችው ጥቂት ካሬ ሜትር ልናተርፈው እንችላለን ነው። ዛሬ እነዚህን አበቦች በብዛት የማገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በማሳ ወሰን ላይ በተከመረ ድንጋይ መካከል፣ በዓባይ በረሃ አፋፍና ውኃ በሚቋጥር ጥግ ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ያንን በትምህርት ቤት አጥር ሥር የነበረውን ላንሣ። ሳይንሳዊ ስሙ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ይባላል። አንዱ ክብ አበባ በእርግጥ አንድ አበባ አይደለም፤ እስከ 200 የሚደርሱ ትናንሽ አበቦች በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰብስበው የሠሩት ነው። ቀረብ ብሎ የተመለከተው ሰው እያንዳንዷ ትንሽ አበባ ስድስት ቀጫጭን ቀይ ቅጠል፣ በመካከሏም ጫፋቸው ቢጫ የሆነ ስድስት ዘንጎች እንዳሏት ያያል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ሲያዩት በያንዳንዱ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ጭምር ቀይ መስላ ትታያለች። አበባው ብዙ ጊዜ ቅጠሉን ቀድሞ፣ መሬቱ ገና ከመጀመሪያው ዝናብ ሳይጠግብ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህም ግቢው ገና ደረቅና አመድማ በሆነበት ወቅት ብቻውን ቀልቶ ይቆማል። ጥላ ይወዳል፤ ከወይራ ወይም ከብሳና ሥር ቢተከል ደስ ይለዋል። በክረምቱ መጨረሻ ገደማ ፍሬው ይቀላል። ዘሩ ሥጋ ያለው በመሆኑ እንደ ጎመን ዘር አድርቆ ለከርሞ ማቆየት አይቻልም፤ ሥጋው ታጥቦ ወዲያውኑ ለም አፈር ላይ መጫንና በስሱ መሸፈን አለበት።

ሁለተኛው በጨፌና በወንዝ ዳር የሚገኘው፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውና እንደ መለከት የተከፈተ ነጭ አበባ የሚያወጣው ክራይነም ነው። እርሱንም ሰዉ «የጅብ ሽንኩርት» ይለዋል፤ በእውነቱ በአካባቢያችን ይህ ስም የማይበላ ሽንኩርት ለሚመስል ለማንኛውም ተክል ይሰጣል። የአንዱ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ክራይነም አቢሲኒከም መሆኑ ብቻ የማን ምድር ተክል እንደሆነ ይናገራል። ሲመሽ መዓዛው ይጨምራል፤ የሌሊት የእሳት ራቶችም ይጎበኙታል። ስለ ዘሩ ግን በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም በአስተማሪነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ለተማሪዎቼ አሳይቼ ቢሆን ኖሮ ስለ ዘር አበቃቀል ሌላ ማስረጃ ባላስፈለገኝም ነበር።

የክራይነም ዘር አረንጓዴ፣ እርጥብና ወፍራም ነው፤ ትልቁ ከትንሽ ድንች የሚተናነስ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከአንድ የጨፌ ዳር የሰበሰብኳቸውን ሰባት ዘሮች በመስኮቱ ደፍ ላይ በነበረ የሸክላ ሣህን አስቀምጬ ለበዓል ወደ ዘመዶቼ ሄድኩ። አፈር አልነበረውም፤ ውኃም አላፈሰስኩበትም። ስመለስ አምስቱ ነጭ ነገር አውጥተው፣ ያ ነጭ ነገር በሣህኑ ጠርዝ ላይ ተጠምዝዞ ወደ ታች መሬት ሲፈልግ አገኘሁት፤ የአንዱ ጫፍ ከወዲሁ አብጦ የስንዴ ፍሬ የምታክል ራስ ሠርቶ ነበር። የጨፌው ውኃ በመስከረም ሲሸሽ ዘሩ የራሱን ውኃ ይዞ ስለሚወድቅ ዝናብ ሳይጠብቅ ይበቅላል ማለት ነው። እነዚያን አምስቱን በአሮጌ ማሰሮ ተከልኳቸው፤ ሁለቱ ለማበብ አምስት ዓመት ፈጁ፣ ሦስቱ ደግሞ ከዚያም ዘግይተው አበቡ። ዛሬ በግቢዬ ያለው ክራይነም ሁሉ ከእነርሱ የመጣ ነው።

ሦስተኛው የግላዲዮለስ ወገን ነው። በየሠርጉና በየምረቃው በእቅፍ የሚሰጠውን ረጅሙን ግላዲዮለስ የማያውቅ የለም፤ የውጭ አበባ አድርገንም እንቆጥረዋለን። ነገር ግን የዛሬው የገበያ ግላዲዮለስ በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ በማዳቀል ሲገኝ ከዋና ዋና ወላጆቹ አንዱ የሆነው ዝርያ ከደቡባዊ አፍሪካ ተነሥቶ እስከ እኛ ደጋ ድረስ በዱር የሚበቅለው ግላዲዮለስ ዳሌኒ ነው። ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም ያለው፣ የላይኛው የአበባ ቅጠሉ እንደ ቆብ ጎንበስ ያለ ነው፤ ምላስ ጎልጉል እያሉ የሚጠሩት አሉ። በክረምቱ ማብቂያ በሣር መካከል ቆሞ ይታያል። አያያዙ ከሌሎቹ ይቀላል፤ በየዓመቱ በአሮጌው ራስ ላይ አዲስ ራስ ይሠራል፤ በዙሪያውም እንደ ሽምብራ ፍሬ ያሉ ብዙ ትናንሽ ራሶችን ያፈራል። ጠፍጣፋና ክንፍ ያለው ዘሩም በወረቀት ከረጢት ቢቀመጥ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል።

ከዚሁ ወገን ስለሆነው ስለ ሌላው ሳነሣ ልቤ የሚያዝንበት ነገር አለ። ነጭ፣ መካከሉ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ፣ አንገቱ ረጅምና ማታ ማታ የሚሸት አንድ ግላዲዮለስ አለ። ጀርመናዊው ሺምፐር ከአገራችን በሰበሰበው ናሙና መነሻነት ሆሽስቴተር የተባለው ሊቅ በ1844 እ.ኤ.አ. አሲዳንቴራ ባይከለር ብሎ ሰየመው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የአትክልት ሱቆች «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ተብሎ በከረጢት በከረጢት ይሸጣል፤ በበልጋቸው ይተክሉታል፣ በክረምታቸው ከብርዱ ለማዳን ቆፍረው በሣጥን ያስቀምጡታል። ስሙን ከእኛ የወሰደ አበባ በሌላው ዓለም በየሰው ደጃፍ እያለ፣ እኔ ግን በጎጃም የችግኝ መሸጫዎች ጠይቄ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም። ሺምፐር ራሱ በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1878 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ አገር የኖረ ሰው ነው፤ በግንቦት ጨፌ ላይ ብቅ የምትለው ሐምራዊዋ ሞሬያ ሺምፐሪም በስሙ ተጠርታለች። ይህችን አበባ ማየት የሚፈልግ ሰው ከቀትር በፊት ይሂድ፤ አንዲቱ አበባ ከአንድ ቀን አትዘልቅም፤ ነገር ግን ከዚያው ሽፋን ውስጥ ሌላዋ ተራዋን ትጠብቃለች።

ወደ ጮቄ የወጣ ሰው ከሩቅ እንደ ችቦ ቆሞ የሚያየው አሽንዳ ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ተክል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኒፎፊያ ፎሊዮሳ ነው። በጥብቅ አነጋገር ሥሩ እንደ ዝንጅብል ስለሆነ ሽንኩርት መሰል አይባልም፤ ሆኖም ለደጋ ግቢ ከእርሱ የሚሻል የለም። በራሱ ጎን የሚያወጣውን ቡቃያ ከፍሎ መትከል ይበቃል። ቀጫጭን ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትናንሽ ወፎች ማለዳ እየመጡ ወለላውን ይጠባሉ፤ ንቦችም ይጎበኙታል።

እዚህ ላይ በስህተት ስለ ገደልኳቸው ልናገር፤ ሌላው ሰው እንዳይደግመው። በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሊታረስ ከተወሰነ ጨፌ ሦስት ክራይነሞችን አበባቸው እንዳለ ቆፍሬ አመጣሁ። በአበባቸው ጊዜ መንቀል አንደኛው ጥፋቴ ነበር፤ ሁለተኛው ግን የከፋ ነበር። የተከልኳቸው በጎመኑ መደብ ጫፍ ላይ ስለነበር በጋውን ሙሉ ጎመኑን ሳጠጣ እነርሱንም አጠጣሁ። ጥር ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን ውኃ ያነሰው መስሎኝ ጨመርኩ። በየካቲት ሽታ መጣና አፈሩን በእጄ ገለጥኩ፤ የላይኛው ልጣጭ ቡናማ ሆኖ ተልፈስፍሷል፣ ጣቴን ስጫነው እስከ ልቡ ገባ። እነዚህ ተክሎች ውኃ የሚፈልጉት በክረምት ነው፤ በጋ የእንቅልፋቸው ጊዜ ነው፤ ተኝተው ሳሉ ውኃ ማጠጣት ይገድላቸዋል።

ስለዚህ ለመትከል የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ሥራው በበጋ ውኃ የማይደርስበትን ቦታ መምረጥ ነው። ቀይ አፈር ባለበት፣ ብስባሽ ከተጨመረበት፣ ብዙ ችግር የለም። መረሬ አፈር ባለበት ግን መሬቱን ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት፣ የወንዝ አሸዋና ጠጠር መቀላቀል የግድ ነው፤ መረሬ በነሐሴ ውኃ ይቋጥራል፣ በመጋቢት ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ጨፌ የለመደው ክራይነም መረሬን ከሌሎቹ በተሻለ ይችለዋል። ትኩስ ፍግ ራሱን ያቃጥለዋልና በሚገባ የበሰበሰ ካልሆነ አይጨመር። ጥልቀቱን በተመለከተ የራሱን ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አፈር ማልበስ ለግላዲዮለስ ይስማማል፤ የክራይነም አንገት ግን ከአፈሩ በላይ መቅረት አለበት፤ ወደ ውስጥ መግባት ሲፈልግ ሥሮቹ እየተኮማተሩ ራሳቸው ይስቡታል። ማዛወር ካስፈለገም ቅጠሉ ደርቆ ከወደቀ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሁን። ችግኞቹ ግን በመጀመሪያው ዓመት ገና ስንቅ ስላልያዙ በበጋም ቢሆን አልፎ አልፎ ጥቂት ውኃ ማግኘት አለባቸው።

ሌላው ጉዳይ ምልክት ነው። ከኅዳር በኋላ ግቢው ባዶ መሬት ስለሚመስል የሚኮተኩት ሰው ዶማውን ያሳርፍበታል። እኔ በየተክሉ ዙሪያ አራት ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ፍልፈልም አለ፤ ከሥር መጥቶ የግላዲዮለስ ራስ ይወስዳል። ፍልፈል በበዛበት ግቢ ከመደቡ ሥር የሽቦ ወንፊት ማንጠፍ ወይም ሥሩ በተበሳ አሮጌ ጋን ውስጥ መትከል ይበጃል።

ልጆችና ከብቶች ባሉበት ቤት ደግሞ መርዙ መረሳት የለበትም። የስካዶክሰስና የክራይነም ራስ ላይኮሪን የተባለ መርዝ አለው፤ በቆላው የሚገኘውና የአበባ ቅጠሉ እንደ ነበልባል ወደ ላይ የሚታጠፈው ግሎሪዮሳ ደግሞ በውስጡ ባለው ኮልቺሲን ሰውን ሊገድል ይችላል። በምንም መንገድ ከሚበላው ሽንኩርት መደብ አጠገብ አይተከሉ፤ ከቆፈሩ በኋላም እጅን መታጠብ ያስፈልጋል፤ የአንዳንዱ ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል። በዚህ ረገድ ያረጀው ስም ጥበብ አለበት። አንድ ጊዜ ከጨፌ ዳር ዘር ስለቅም ከብት የምትጠብቅ ልጅ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ይኸ እኮ የጅብ ነው፤ ሰው አይበላውም» አለችኝ። ለመብላት እንዳልሆነ ስነግራት «ታዲያ ለምንዎ ነው?» አለች። ለማየት ነው አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ከወንዙ ማዶ ከዚህ የሚበልጥ እንዳለ ነገረችኝ፤ ወስዳም አሳየችኝ። ስፍራውን ብቻዬን ብፈልገው ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ከዚህ የተነሣ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፤ እባካችሁ ከዱር አትንቀሉ። የዚህ ደብዳቤ አንባቢዎች ሁሉ ቅዳሜ ዶማ ይዘው ወደ ጨፌና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቢወጡ ማረሻው በአሥር ዓመት ያላደረሰውን ጥፋት እኛ በአንድ ክረምት እናደርሳለን። ዘር ይበቃል፤ ከዘሩም ጥቂቱን ብቻ ወስዶ የሚበዛውን እዚያው መተው ይገባል። ራሱን ለመንቀል የሚፈቀደው ሊታረስ፣ መንገድ ሊወጣበት ወይም ቤት ሊሠራበት ከተወሰነ መሬት ላይ፣ ያውም ባለቤቱን አስፈቅዶ ብቻ ነው። በሣር መካከል የሚያብቡትን የመሬት ኦርኪዶች ግን በምንም ምክንያት አትንኩ፤ ከአፈሩ ውስጥ ካለ ሻጋታ ጋር ተደጋግፈው ስለሚኖሩ ግቢ ሲመጡ ይሞታሉ። ራሱን ገዝቶ ወደ ውጭ ለመላክ የሚመጣ ነጋዴ ካለም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣት እንደሚከለክል ይወቅ።

ለባለሥልጣኖቻችንም የማሳስበው አለኝ። ቀደም ሲል በሠራሁባት፣ ስሟን በማልጠቅሳት ከተማ አንድ የመንገድ ዳር ተረተር በግንቦት በስካዶክሰስ ይቀላ ነበር፤ ተማሪዎቼን እየወሰድኩ አሳይ ነበር። አንድ ዓመት «ለማስዋብ» ተብሎ ተረተሩ በማሽን ተጠረገና በየቀኑ ውኃ የሚፈልግ የመጣ ሣር ተነጠፈበት። ሣሩ በሁለተኛው በጋ ደረቀ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሳምንት ብንነገር ኖሮ ተማሪዎቼ ሁሉንም ማትረፍ ይችሉ ስለነበር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ምክንያት በየወረዳው የችግኝ ጣቢያ ተጠናክሯል፤ ሠራተኛውም ልምድ አካብቷል። ከዛፍ ችግኝ መደቦች አንዷን ብቻ ለአገር በቀል አበቦች መስጠት ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ ዛሬ የተዘራው ከአራት ዓመት በኋላ ነው የሚያብበው።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ምንጭ ዳር የተተከለውን፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለውን ነጭ ካላ አበባ የእኛ ነው ብለው ያምናሉ፤ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥም «ኤትዮፒካ» የሚል አለበት። ሆኖም ያ ስም በጥንቱ አጠራር ለአፍሪካ የተሰጠ ነው፤ አበባው የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በአንጻሩ የእኛ የሆኑት የራሳቸው የታወቀ የአማርኛ ስም እንኳ የላቸውም። በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና በባልደረቦቻቸው የተመራው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ጥናት እያንዳንዱን ዝርያ ለይቶ ገልጿል፤ ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት የተለያዩ አበቦችን በአንድ «የጅብ ሽንኩርት» መጥራታችንን የምናቆመው እረኞችና ባልቴቶች የሚያውቋቸው ስሞች በየቀበሌው ሲመዘገቡ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባት የተሻለ አቅም ያለው የለም። ጋዜጣዎም አንባቢዎች በየአካባቢያቸው የሚጠሩበትን ስም የሚልኩበት አንድ ዓምድ ቢሰጥ ታላቅ ውለታ ይሆናል።

በግቢዬ በአሁኑ ጊዜ ከ60 የማያንሱ የክራይነምና የስካዶክሰስ ችግኞች አሉ፤ የሁለትና የሦስት ዓመት ናቸው። ግቢ ላለው ትምህርት ቤት ወይም ቅጥሩን ለሚንከባከብ ደብር በነፃ እሰጣለሁ፤ ጥያቄው በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ይድረሰኝ። የክራይነም ዘር ለመውሰድ የሚፈልግ ደግሞ በመስከረም የወረቀት ከረጢት ይዞ ይምጣ፤ እርጥብ ዘር በላስቲክ ውስጥ ሁለት ቀን ካደረ ይሻግታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህር
ደብረ ማርቆስ